እናቴ ፈንጠዝያ አለባት

ጥቅምት 9

ጋሼ፣

ሰላምታውን ወደ ኋላ አድርጌዋለሁ። አንተ እንደሆንክ ፖስታውን ስትቀድ መጀመሪያ የምትፈልገው ካርዶቹን ነው፤ የእኛን ጤና የምታነበው እነሱን አገላብጠህ ከጨረስክ በኋላ ነው። ስለዚህ ይኸውልህ። ከላክህልኝ ስድስት ካርዶች አምስቱ ተሞልተዋል። በመዝገበ ቃላት ቤታችሁ ደንብ መሠረት ቃሉን ለእማዬ አነበብኩላት፣ እሷ ቃሉ ያለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች፣ እኔ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩ፣ እሷም አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ከሥሩ አተመች። «የተናጋሪው ሙያ» የሚለውን መስመር እንደ ሁልጊዜው ለአንተ ባዶ ትቼዋለሁ። «ፈተለ» ላይ ያለው አሻራ የተዝረከረከው እያተመች ስላስነጠሳት ነው፤ በእኔ እንዳታሳብብ።

«ፈሪ» የሚለውን ካርድ ሳታነብ እንዳታልፈው። «ልጄ ፈሪ ነው፤ አውቶቡስ ፈርቶ አራት ዓመት ቀረ» ነው ያለችው። ይኼ መጽሐፉ ውስጥ ይገባል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይገባል አልኳት። ስቃ ስቃ መጨረሻው ሳል ሆነባት። ደግሞ ድሮ ለአንድ ቃል ሦስት ሦስት ካርድ ነበር የምትልከው፤ ዘንድሮ አንድ አንድ ሆኗል። «ደረጃዬን ቀነሰው» ብላሃለች።

ስድስተኛውን፣ «ፈንጠዝያ»ን፣ ባዶውን መልሼልሃለሁ። ምን እንደምትልበት፣ መጀመሪያም ከማን እንደሰማችው ጠይቂልኝ ያልከኝን ጠይቄያታለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በድግስ አዳራሽ ጓሮ ሰው የበላበትን ሰሃን ያጠበች ሴት ስለ ፈንጠዝያ የምትለው አጥታ አይደለም። «ያንን ቃል ሲመጣ በአፌ እሰጠዋለሁ፤ በወረቀት አልልክም» አለችኝ። ግትርነቷን ታውቀዋለህ፤ ከእሷ ነው የወረስከው።

አሁን ወደ ጤና። እኔ ደህና ነኝ። ልብስ ስፌት ቤቱ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሥራ ስለያዘ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ አንገቴን ደፍቼ እውላለሁ። እማዬ ደህና ናት እንዳልልህ ሳሉ አልለቀቃትም፤ አይደለችም እንዳልልህ ምላሷ ያው ነው። መቼ ትመጣለህ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች። ፈ ሲያልቅ ብለሃታል። ከፈ በኋላ የቀረው ፐ ብቻ መሆኑን የነገርኳት ዕለት ደስ ብሏት የፊደል ገበታ አስመጥታኝ አልጋዋ ፊት ለፊት አስለጠፈችኝ። «ፐ ደግሞ ከፓስታና ከፖሊስ በቀር ምን አለው» ትላለች።

እህትህ

ኅዳር 3

እህት ዓለም፣

ደብዳቤሽ በደረሰኝ በሦስተኛው ሳምንት መልስ መስጠቴ ያሳፍረኛል። ሰበብ አልደረድርም፤ ያው ሥራ ነው። ሁለታችሁንም በያላችሁበት ስሜያችኋለሁ። ጎረቤታችንን እትዬ ሬዲዮንም ሰላም በዪልኝ፤ የሰፈሩን ወሬ ማን ያደርስላችሁ ነበር እሷ ባትኖር።

የእማዬ ካርዶች የት እንደሚገቡ ልንገርሽ። የምንሠራበት ክፍል ጠባብና ረጅም ነው። በአንዱ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ የእንጨት መሳቢያ ተደርድሯል፣ በየመሳቢያው ግንባር ላይ ፊደል ተለጥፏል። አንድ ቃል ከመሳቢያው ወጥቶ ወደ መጽሐፉ የሚያልፈው ሥራቸው የተለያየ ሦስት ሰዎች ተናግረውት፣ ሦስቱም አሻራቸውን ሲያኖሩበት ነው። አለቃችን ከዚህ ደንብ ንቅንቅ አይሉም። «አንድ ሰው ቢለው የግሉ ነው፣ ሁለት ሰው ቢለው ሐሜት ነው፣ ሦስት ሲሞላ ነው ቋንቋ የሚሆነው» ይላሉ። ይህን ስጽፍልሽም ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ ነው።

ስለ ፈንጠዝያ መነሻ ብዙ አግኝቻለሁ። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቃል ነው ይላሉ፤ በነጋዴ አፍ ነው የሚልም አለ፣ በወታደር አፍ ነው የሚልም አለ። ሥሩን የሚከተሉት ጥንታዊ ግሪክኛ ድረስ ይወስዱታል። እዚያ ጭፈራም ድግስም አይደለም፤ በዓይን ፊት የሌለን ነገር በሐሳብ ማየት ነው ይባላል። ይህን ሁሉ ጽፌ አስቀምጫለሁ። እኔ ማወቅ የምፈልገው ግን ቃሉ ወደ ቋንቋው እንዴት እንደገባ ብቻ አይደለም፤ ወደ ቤታችን እንዴት እንደገባ ጭምር ነው።

ለምን እንዲህ እንደያዘኝ ልንገርሽ፤ አንቺ ያኔ ገና በደረትሽ ትሳቢ ነበር። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን እናትህ ለወላጅ ስብሰባ ለምን አልመጣችም ብላ ሰው ፊት ጠየቀችኝ። «እናቴ ፈንጠዝያ አለባት» አልኳት። በእኛ ቤት እንዲያ ነበር የሚባለው፤ «ነገ ፈንጠዝያ አለብኝ፤ በሩን ለማንም እንዳትከፍት»። እኔ እንደ ጉንፋን የሚመጣና የሚሄድ በሽታ ይመስለኝ ነበር፤ እጇ ተላጦ፣ ወገቧን ይዛ ነበራ የምትመለሰው። ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ፤ አስተማሪዋም ሳቀች። ማታ ለእማዬ ስነግራት አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም፣ ጫማዬን ነው የወለወለችልኝ። ቃል ማለት ሰው የሚዋረድበት ነገር እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ፈ እስከ ጥር መጨረሻ ያልቃል ተብሏል። ያኔ እመጣለሁ በያት።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 6

ጋሼ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ወላጅ ስብሰባው ጋ ስደርስ «ተወው፤ ያ ቀን አሁንም ያቃጥለኛል» አለች። ከዚያ ግን ያስጠየቅከውን መለሰች። ካርድ ላይ አትጻፊው፣ ለእሱ ብቻ ንገሪው ብላለች።

ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ሥራ ፍለጋ አዳራሹ በር ላይ ሦስት ቀን ቆማለች። በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ብቅ ብሎ «ቅዳሜ ፈንጠዝያ አለ፤ በጠዋት ነይ» አላት። ቃሉን ሰምታው አታውቅም፤ መጠየቅ ደግሞ አፈረች። በሰው ስታስጠይቅ ሰዎች የሚበሉበት፣ የሚጨፍሩበት፣ የሚደሰቱበት ቀን ነው አሏት። ስለዚህ ያለቻትን አንዲት ደህና ቀሚስ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ሄደች። ከኋላ በር አስገቧት። ሽርጥ ሰጧት፣ ቁመቷን የሚያህል የሰሃን ክምር አሳዩዋት። ቀሚሱ በበረኪና ተበልቶ በዚያው አለቀ። «ከዚያ ወዲህ ተጠርቻለሁ ብዬ ለብሼ አላውቅም» አለችኝ። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ እኔ ነኝ የከፋኝ።

የራሷን ዓረፍተ ነገር ግን አሁንም አልሰጠችም። ለመምጫህ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የታጠፈች ሌላ ወረቀት አለች። ያቺን ለእማዬ አላነበብኩላትም።

ጋሼ፣ ይህ ለአንተ ብቻ ነው። ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። ሐኪሙ ሳንባዋን በፎቶ አይቶ ምን ሥራ ነበር የምትሠሪው አላት። ነገረችው። በረኪናው በምን ዓይነት ቤት ነበር፣ መስኮት ነበረው ወይ አላት። አልነበረውም። እሷን ውጪ አስቀምጦ እኔን «ሌላ ልጅ ካላት ቢመጣ ጥሩ ነው» አለኝ። መቼ ብዬ ስጠይቀው ቀን አልነገረኝም፤ ከሰሞኑ አለኝ።

እንዳልጠራህ አስምላኛለች። «ሥራውን አስጥለሽ ብታመጪው ሁለታችሁንም አላናግርም» ነው ያለችው። አዳራሹ ውስጥ አብረዋት የሠሩት ሁሉ ልጄ ቃል ሁሉ ያለበትን መጽሐፍ የሚጽፈው ነው ብላቸው ያውቃሉ። ያለሱ ኩራት የላትም። እኔ ግን መሐላዬን አፍርሻለሁ። ፈ ይቆይ። ና።

ጥር 8

እህት ዓለም፣

ሁለቱም ወረቀቶች ደርሰውኛል። ሁለተኛዋን ደጋግሜ አንብቤያታለሁ። መልስ ያዘገየሁት ስለጨከንኩ አይደለም፤ እባክሽ እንዲያ አታስቢ።

አለቃዬን ፈቃድ ጠይቄያቸው ነበር። ማተሚያ ቤቱ ወረቀቱን እየጠበቀ ነው፣ ፈ ሳይዘጋ ማንም ንቅንቅ አይልም አሉ። ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት። ሐኪሞች ሲያስፈራሩ ታውቂያቸዋለሽ፤ የጎረቤታችንን ባል ስንት ጊዜ ነው የገደሉት፣ ይኸው ዛሬም ይነዘንዛል። እማዬ ጠንካራ ናት።

በአውቶቡስ ሾፌሩ እጅ የሱፍ ሻርፕ ልኬላታለሁ። አንገቷን ታልብስ። የቀሚሱን ነገር ሰምቻለሁ፤ ስመጣ ቀሚስ አሰፍቼላት ከፊት በር እንደማስገባት ንገሪያት። አንቺ ትሰፊዋለሽ።

ስድስት ካርድ አያይዣለሁ። ፈንጠዝያም አለበት። ምናልባት አሁን ትናገር ይሆናል።

ወንድምሽ

የካቲት 4

ጋሼ፣

ሻርፑ ደርሷል። ያምራል።

እማዬ ሳሉ ትቷታል። አሁን ምንም አያማትም። ስለዚህ አትቸኩል፤ ሥራህን ጨርስ።

ካርዶቹ ተሞልተዋል፣ ስድስቱም። ፈንጠዝያንም ሰጥታለች፦ «ፈንጠዝያ ማለት ሰዎች ተሰብስበው በደስታ የሚበሉበትና የሚጨፍሩበት ጊዜ ነው»። አሻራውም አለ።

ዩኒፎርሙ ስላላለቀ አላስረዝምም።

እህትህ

የካቲት 27

እህት ዓለም፣

ካርዶቹ ከደረሱኝ አሥር ቀናቸው ነው። አሥሩንም ቀን መስኮቱ ላይ አስደግፌ እያየኋቸው ነበር።

እማዬ በሕይወቷ «ማለት» ብላ ዓረፍተ ነገር ጀምራ አታውቅም። እሱን እንኳ ደክሟት ይሆናል ብዬ አልፈው ነበር። አሻራው ግን መሐሉ ላይ ከጥፍሩ ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን መስመር አለበት፣ በስድስቱም ላይ። የስፌት መኪናው መርፌ አውራ ጣትሽን የበሳ ቀን በጨርቅ ጠቅልዬ ክሊኒክ ያደረስኩሽ እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነበር፤ እንዳታለቅሺ እያልኩ እኔ ነበርኩ የማለቅሰው። ያንን ጠባሳ በጨለማ በዳሰሳ አውቀዋለሁ።

እማዬ የት ናት? መቼ ነው?

ከመመለስሽ በፊት ግን የእኔን ስሚ፣ ምክንያቱም አንቺን ልቆጣ አፍ የለኝም። ሥራ የለኝም። ባለፈው መስከረም ተባርሬያለሁ። መሳቢያው፣ አለቃዬ ከመነጽር በላይ ማየታቸው፣ ፈቃድ መከልከላቸው ሁሉ ውሸት ነው። ከክፍሌ በታች ባለው ማተሚያ ቤት ፖስታ አጣፊ ነኝ። እማዬ ፐ ምን አለው ያለችው ለእኔ ነው፤ ፖስታ አለው።

የተባረርኩት በምን እንደሆነ ስነግርሽ ትስቂ ይሆናል። ሦስት ሰው ያስፈልጋል ብዬሽ የለም? እኔ የማላውቀውን ሰው በር አንኳኩቼ ቃል መለመን ያሳፍረኛል፤ ተፈጥሮዬን ታውቂዋለሽ። ደግሞ ማንንም ብጠይቅ እማዬ የምትለውን የሚያህል የሚል የለም። ስለዚህ በአንድ ቃል ሦስት ካርድ እየላክሁ ሦስት ዓረፍተ ነገር ከእሷ እወስድ ነበር። ባዶ ትተሽልኝ የነበረውን የሙያ መስመር እኔ እሞላዋለሁ፦ አንዱ ላይ ሰሃን አጣቢ፣ አንዱ ላይ ጽዳት ሠራተኛ፣ አንዱ ላይ የቤት እመቤት። ውሸት አልመሰለኝም፤ ሦስቱንም ናታ።

አንድ ቀን አለቃዬ የአንድ ቃል ሦስት ካርዶችን ጎን ለጎን አስቀምጠው አሻራዎቹን በማጉያ መነጽር ካዩ በኋላ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ስንት ሰው ነው ያነጋገርከው?» አሉኝ። «አንድ» አልኳቸው። «ማንን?» «እናቴን»። «ከመቼ ጀምሮ?» አሉኝ። «ከመ ጀምሮ» ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያዙ። በማግስቱ ከመ ወዲህ ያለው መሳቢያ ሁሉ ተደፋ። የአሥር ሰው የአራት ዓመት ሥራ ነው። እኔ ስወጣ ባዶ ካርዶች በሻንጣዬ ይዤ ወጣሁ። ካርድ መላኬን ካቆምኩ ትጠይቂኛለሽ፣ እማዬም ትሰማለች ብዬ ነው። ይሉኝታ ያዘኝ። እሷ ፊት እንዴት ቆሜ ከሥራ የተባረርኩት ባንቺ ንግግር ነው እላለሁ? በየሳምንቱ አውቶቡስ ተራ ሄጄ ተመልሻለሁ። ፈሪ ያለችው እውነቷን ነው።

አሁን ንገሪኝ።

ወንድምሽ

መጋቢት 10

ጋሼ፣

እማዬ የሞተችው ጥር 11 ቀን ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። በማግስቱ ቀበርናት። ደብዳቤህና ሻርፑ የደረሱት በሳምንቱ ነው። ሻርፑን እኔ ነኝ የለበስኩት።

እንዲህ በሦስት መስመር የሚያልቅ ነገር መሆኑን ባውቅ ሁለት ወር አልሸከመውም ነበር።

የአንተን አንብቤ አልሳቅኩም። ከመስከረም እስከ ጥር ስንት ቀን እንዳለ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ገልጬ ቆጠርኩ። በእያንዳንዱ ቀን ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ አውቶቡስ አለ። እኔ አንተን ከሥራ እንዳላስተጓጉል የሞተች እናቴን በወረቀት ሳኖር፣ አንተ የሞተ ሥራህን በወረቀት ታኖርልኝ ነበር። እሷ በመሐል ግድግዳ እያየች ፊደል ትቆጥራለች። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እኔ ቀኑን ሙሉ መቀስ ይዤ ነው የምውለው፣ ሩቅ መሆንህ በጀህ።

ለምን ደበቅሽኝ እንደምትል አውቃለሁ። ስላስማለችኝ ነው ብልህ ግማሹን ነው የምነግርህ። ና ብዬህ ቀርተህ ስለነበር አንተም ትንሽ ተታለል ብዬም ነው። ዋናው ግን ሌላ ነው። አራት ዓመት ሙሉ የምትጽፈው ቃል ልትጠይቅ ነው። ተናጋሪዋ ከሌለች ደብዳቤህም የሚቀር መሰለኝ። ማንም ሳይኖረኝ ከምቀር አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነከርኩ። እትዬ ሬዲዮን እንኳ ለማንኛውም መንገደኛ እንዳትነግርብኝ ለምኛት ነበር፤ በዕድሜዋ የያዘችው አንድ ምስጢር ይኸው ነው፣ ሊገድላት ነበር።

አሁን ደግሞ ያንን የፈንጠዝያ ጥያቄህን ልመልስ። እሱን ደብቄ ብቀር ይቅር አትለኝም፤ ብነግርህም የምትችለው አይመስለኝም።

ጥር 11 ጠዋት ተሽሏት ነበር። በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳት፣ ሻይ አምጪልኝ አለች። ገበታውን አይታ «የት ደረሰ?» አለችኝ። ፈን ሊጨርስ ነው አልኳት። ፊቷ በራ። ሳልጠይቃት ተናገረች፦

«እሱ የመጣ ቀን ነው ፈንጠዝያ። ያን ቀን እኔ ሰሃን አልነካም፤ እሱ ይጠብ።»

ካርድ አላመጣሁም። ልታትምበትም አላለችም። ያ ቃል የሌላ ሰው ድግስ ሳይሆን የእኛ ሆኖ ከእሷ አፍ ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እህትህ

መጋቢት 24

እህት ዓለም፣

የጻፍሽው ሁሉ ይገባኛል። 

ዓረፍተ ነገሯን ካርድ ላይ ጻፍኩት። የሙያ መስመሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ሞላሁት፣ እናት ብዬ። አለቃዬ ቤት ሄጄ ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት። «አንድ ሰው ነው» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «አሻራም የለውም» አሉኝ። የለውም አልኳቸው። መለሱልኝ። በሩን ከዘጉ በኋላ መልሰው ከፍተው ስንት ዓመቷ ነበር ብለው ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ።

ከፈቀድሽልኝ ሚያዝያ 20 ልመጣ አስቤያለሁ፤ የያዝነው የፖስታ ሥራ እስከዚያ ያልቃል። ካልፈቀድሽ ጻፊልኝ፤ አልቀየምም። ማረፊያ አላስቸግርሽም፣ መሬት ላይ እተኛለሁ። መቃብሯን አሳዪኝ፣ ከዚያ የምትዪኝን እሆናለሁ።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 2

ጋሼ፣

ና። ፈቃድ የሚጠየቅበት ቤት አይደለም፤ አልጋዋም አለ። ያለፈው ደብዳቤ ላይ ቃል ጠንክሮብህ ከሆነ አፉ በለኝ። ተቆጥቼ ነው እንጂ ጠልቼህ አይደለም፣ ደግሞ ከአንተ ሌላ የምቆጣው ሰው የለኝም።

ስትደርስ ሥራ ላይ ከሆንኩ ቁልፉ እትዬ ሬዲዮ ዘንድ ነው። እየመራች መቃብሩ ጋ ትወስድሃለች፤ መንገድ ላይ የአራት ዓመቱን ወሬ ስለምታወርድብህ ታግሠህ ስማት።

ወጥ ቤቱን ስታይ እንዳትደነግጥ። የለቀስተኛው ሰሃን ከጥር ጀምሮ እንደተከመረ ነው፤ በአንሶላ ሸፍኜዋለሁ። እትዬ ሬዲዮ ልታጥበው ሦስት ጊዜ እጅጌዋን ሰብስባ መጥታለች። የሚያጥበው አለ ብዬ መለስኳት። አበደች እንዴ ብላ ሳታስወራብኝ አልቀረችም። ያለችህን ነው ያቆየሁልህ፤ እጠበው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። መስኮቱ ላይ ያለውን የሻይ ብርጭቆ እንዳትነካ። ያን ጠዋት የጠጣችበት ነው። ሻይው ከሥሩ ደርቋል፣ ከንፈሯ ያረፈበት ቦታ ብርሃን ሲያገኘው ይታያል። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ቆሜ አየዋለሁ። ፎቶ የላት፣ ካርዶቿ ተደፉ፤ የቀረኝ እሱ ነው። አቧራ እንኳ አላራገፍኩለትም።

ይህን ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ፤ እስከ 20 በደንብ ይደርስሃል።

እህትህ

ሚያዝያ 3፣ ከቤት

እህት ዓለም፣

ይህን ጠረጴዛው ላይ ትቼልሽ ነው የምወጣው። እስከ 20 መጠበቅ አልቻልኩም፤ ፖስታዎቹን ለባልደረባዬ ትቼ ትናንት ተሳፈርኩ። መልስ ጽፈሽልኝ ከሆነ መንገድ ላይ ተላልፈናል። ቁልፉን እትዬ ሬዲዮ ሰጠችኝ፤ በሩ ላይ ይዛኝ ብዙ አለቀሰች። ልጥራት ብትለኝ ሥራዋን እንዳታስተጓጉያት አልኳት። እነሆ አሁን ቆማ እየጠበቀችኝ ነው፣ መቃብሩ ጋ ልትወስደኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ አንሶላውን ስገልጥ ለማን እንደተቀመጠ ለመረዳት ማንም አላስፈለገኝም። ሸሚዜን አውልቄ ጀመርኩ። አምስት ሰዓት ፈጀብኝ። ወገቤ አሁን ቀጥ አይልም፣ ጣቶቼ ተላጠዋል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዴት እንደቻለችው አላውቅም። ከእናንተ ርቄ ከቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ደህና ሆኜ የዋልኩት ዛሬ ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ? እያጠብኩ ካርዷን በቃሌ እደግመው ነበር።

አንድም አላስቀረሁም። ሰሃኑ፣ ማንኪያው፣ ድስቱ ሁሉ ታጥቧል። መስኮቱ ላይ ረስተሽው የነበረው የሻይ ብርጭቆ ብቻ በጣም አስቸገረኝ፤ ሻይው ከሥሩ ደርቆ፣ አፉ ላይም የማይለቅ ነገር ነበረበት። በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ፣ በሽቦ ፈትጌ አስለቀቅኩት። አሁን እንደ አዲስ ነው። ስትመጪ ሻይ እንድትጠጪበት አድርቄ እዚህ ደብዳቤው አጠገብ ደፍቼልሻለሁ።

ወንድምሽ